አይጥ በላው ያልኩት ድሪቶ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዲዛይን ተማሪ ቤቴ መጣች። ከልብስ ሰፊዎች በለቀመችው ቁርጥራጭ የሠራችውን ትልቅ የግድግዳ ሥራ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ሳሎን ወለሉ ላይ ዘረጋችውና ቡናው እስኪፈላ አብረን አየነው። ደስ የሚል ሥራ ነው። ስለ ሰማያዊው አደራደር ትንሽ አስተያየት ሰጠኋት። ልትሄድ ስትጠቀልለው ቀና ብላ «ቲቸር፣ ኤግዚቢሽኑ ላይ ከምን እንደተሠራ ሲጠይቁኝ ከእራፊ ነው ባልል አይሻልም? ዋጋውን ይጥሉብኛል ብዬ ፈርቼ ነው» አለችኝ።

«ንገሪያቸው እንጂ፣ ምን አለበት» አልኳትና ሸኘኋት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ ይህን ምክር ለሰው የምሰጥ ማን ሆኜ ነው? እሷ የጠየቀችው በቃል ነው። እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ በተግባር አድርጌዋለሁ፣ ያውም ከዚያ በባሰ መንገድ። ከአርባ ዓመት በላይ ለማንም ሳልናገር ቆይቻለሁ። ከጨርቅና ከተጣለ ዕቃ ጥበብ ልሥራ ለምትሉ ወጣቶች ምክር ጻፊልን ስትሉኝ የነበራችሁ፣ እንግዲህ ከዚህ ልጀምርላችሁ።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚያው ከተማችን ውስጥ ነበር። ከመንዝ ደግሞ ከበግ ፀጉር የሚሠራው ባና ይመጣል። እኛ ቤት የነበረው ግን አንድ ባና ብቻ ነው፣ እሱም የአባቴ ነበር። እኛ ልጆቹ የምንለብሰው እናቴ የደረተችውን ድሪቶ ነው።

ድሪቶ ሲባል ስድብ ብቻ የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ። ያረጀ ልብስ ደህና ደህናው ተቆርጦ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ፣ በእጅ መርፌ እየተሰፋ የሚሠራ ልብስ ነው። እናቴ ሸሚዝ ሲያረጅ አንገቱንና ክርኑን ትጥልና ጀርባውን ታስቀራለች፣ ጀርባ ብዙ ስለማይሻከር። የቆረጠችውን ሁሉ ደጃፉ ላይ ወጥታ ፀሐይ ላይ ትዘረጋዋለች። ብርሃን እንደ ወንፊት ካሳለፈ ለገበር ይሆናል፣ ካላሳለፈ ለፊት። ከዚያ በሁለት አውራ ጣቷ ግራና ቀኝ ወጠር ታደርገዋለች። ክሩ «ጭር» ካለ ለምድጃ መወልወያ ነው። ይህንን ትምህርት ቤት ማንም አላስተማረኝም። እስከ ዛሬ ድረስ ጨርቅ የምመርጠው እንደዚሁ ነው።

አባቴ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ሞተ። እናቴ የካኪ ኮቱን አንድ ዓመት ሙሉ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ተወችው። የሙት ዓመቱ ሲወጣ አወረደችና ቀደደችው። መሃል ላይ የደረት ኪሱን እንዳለ፣ ከነቁልፉ አስቀረችው። ዙሪያውን የወንድሜን የትምህርት ቤት ሱሪ፣ የአክስቴን ያረጀ ነጠላ ጥለት፣ ፊደሉ የደበዘዘ የዱቄት ከረጢት እያደረገች ሰፋችው። ክሩን ከዚያው ከረጢት አፍ ነው የፈታችው። ታናሽ እህቴ ማታ ማታ ኪሱ ውስጥ ቆሎ ትደብቅ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት አልጋው ፍርፋሪ ብቻ ይሆናል። እናቴ አንድ ቀን እንኳ ተቆጥታት አታውቅም።

በ1970 ለመምህርነት ስልጠና ስሄድ ድሪቶውን ጠቅልላ በሲባጎ አስራ ሰጠችኝ። «ብርድ ሰው አይመርጥም» አለችኝ። ተቀበልኩ። ማደሪያው ውስጥ ግን ከፍራሼ ሥር አድርጌው ከረምኩ። ሌሎቹ እንዳያዩት ከሁሉም በፊት ተነስቼ አልጋዬን አነጥፍ ነበር።

በ1975 አዲስ አበባ ተመደብኩና ጉለሌ አንድ ክፍል ቤት ተከራየሁ። በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁት ነገር ብርድ ልብስ ነው። በዓመቱ፣ በ1976 መሆኑ ነው፣ አብረውኝ የሚያስተምሩ ሦስት ሴቶች ለቡና ሊመጡ ቀጠሮ ያዝን። ቤቴ ውስጥ ደህና ብርጭቆ አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚለው ሰውዬ በሰፈሩ አለፈ። ለማታውቁት፣ ልዋጮች ያረጀ ልብስ ወስደው ብርጭቆ፣ ሳፋ፣ ጆግ ይሰጣሉ። ጠራሁት። ሁለት ቀሚስ አወጣሁለት፣ አልበቃውም። ዞር ብዬ አልጋው ሥር አየሁ።

ድሪቶውን ሲያይ «እህቴ፣ ይሄ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አለ። ከዚያ በእጁ መዘነው። እናቴ አምስት ስድስት ድርብ አድርጋ ስለሰፋችው ከባድ ነው። አፋቸው ላይ የወርቅ ቀለም ቅብ ያላቸው ስድስት ብርጭቆ ቆጠረልኝ። ድሪቶውን አጥፎ ጆንያው ውስጥ ሲከተው ኪሱ በላይ በኩል ሆነ። የአባቴ ኮት ቁልፍ የታየኝ ያኔ ነው። «ቆይ» ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። ብርጭቆዎቹን ይዤ ገባሁ።

እናቴ ጥር ላይ፣ ለጥምቀት መጣች። በመጀመሪያው ማታ አልጋ ላይ አረፍ ብላ «ያንን ድሪቶ እስቲ አምጪልኝ፣ እግሬን ቀዘቀዘኝ» አለች።

«አይጥ በላው እማዬ» አልኳት።

ምንም አላለችም። አዲሱን ብርድ ልብስ አለበስኳት። ጠዋት ከእነዚያው ብርጭቆዎች በአንዱ ሻይ ቀዳሁላት። ይዛው ቆየችና «የአባትሽ ካኪ ያለበትንም በላው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

ብርጭቆውን አስቀመጠችና ምስሩን ስጭኝ ልልቀምልሽ አለች። እስከ ሞተችበት እስከ 1989 ድረስ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ታውቅ ነበር ብዬ ነው የማስበው። አይጥ ካኪ መርጦ እንደማይጨርስ፣ ቢያንስ ቁልፉን እንደሚተው የምታውቅ ሴት ናት።

ከተዝካሯ በኋላ ምክንያቱን ለራሴም ሳልነግረው መርካቶ ምናለሽ ተራ መመላለስ ጀመርኩ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ድሪቶ እንደማላገኝ አውቃለሁ። ግን እሄድ ነበር። ምናለሽ ተራን አይታችሁ ካላወቃችሁ ሂዱ። በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ በርባሶ ይሆናል፣ የቆርቆሮ ጣሳ ኩራዝ ይሆናል። የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ይደፍናል። አንድ ሽማግሌ የተጣመመ ሚስማር ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ሲያቀኑ ሳይ ረጅም ሰዓት ቆሜያለሁ። የሚያቀኑበት ድንጋይ መሃሉ ጎድጉዷል። ያን ቀን ነው አንድ ጆንያ ሙሉ የካኪ ቁርጥራጭ ገዝቼ የተመለስኩት። የመጀመሪያውን የግድግዳ ሥራዬን ከዚያ ሠራሁ። እስከዚያ ድረስ ጥልፍ የማስተምር መምህርት ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ አሜሪካ የምትኖር ጓደኛዬ አንድ መጽሐፍ አመጣችልኝ። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል ሰፈር አለ፣ ነዋሪዎቹ የባሮች ልጅ ልጆች ናቸው። ሴቶቹ ከትውልድ ትውልድ ከሥራ ልብስ ድሪቶ ይሰፋሉ። ጉልበቱ የነጣ ሱሪ፣ ኪሱ የተፈታበት ቦታ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ የቀረ ቱታ። በ2002 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በ2006 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ አወጣው። ከሴቶቹ አንዷ፣ ሚዙሪ ፔትዌይ፣ በ1942 እ.ኤ.አ. ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ቀድዳ ድሪቶ ሰፍታ ነበር። ያን ገጽ ሳይ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ወጥቼ አለቀስኩ። የእናቴ እጅ ነው የመሰለኝ። እናቴ አላባማ የሚባል አገር መኖሩን ሳትሰማ ነው የሞተችው።

እንግዲህ ምክር ካላችሁኝ ይሄው ነው። ጨርቁ የማን እንደነበረ እወቁ። ስለ መርፌ አያያዝና ስለ ስፌት ዓይነት አልነግራችሁም፣ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። የማታገኙት የጨርቁን ታሪክ ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ የጥለት ቁርጥራጭ ስትለቅሙ ሸማኔውን የት እንደተሸመነ ጠይቁት። የአክስታችሁን ቀሚስ ስትቀድዱ መቼ ለብሳው እንደነበር ጠይቋት፣ ከመቅደዳችሁ በፊት ማለቴ ነው።

ሁለት ሦስት ነገር ደግሞ በእጄ ተምሬዋለሁ። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል። አዲሱንም አሮጌውንም በሙቅ ውኃ ሳታጥቡ አንድ ላይ ከሰፋችሁ፣ በመጀመሪያው እጥበት ሥራችሁ ይጨማደዳል። የሳሳ ጨርቅን ከወፍራም ጋር ስትሰፉ ሳሳ ያለውን በገበር ደግፉት፣ አለዚያ ስፌቱ ዳር ላይ ይተረተራል። የማዳበሪያ ከረጢት ፀሐይ ላይ አትስቀሉ፣ ጊዜውን ጠብቆ እየተፈረፈረ ይረግፋል። ሱፍ ያለበትን ሥራ በየጊዜው አውጥታችሁ አራግፉ፣ ብል ጨለማ ይወዳል።

ማስቲሽና ኮላ ግን ተዉ። ወጣቶች ላይ የማየው ትልቁ ችግር ይሄ ነው። ሁሉም ነገር ዛሬ እንዲያልቅ ትፈልጋላችሁ፣ ማታ ስልክ ላይ መለጠፍ አለበት። ኮላ ዛሬ ይይዛል፣ ቆይቶ ጨርቁን ያደርቀዋል፣ ቢጫ ያደርገዋል። የጋናው ቀራፂ ኤል አናትሱይ ያንን ሁሉ ሺህ የጠርሙስ ክዳን በመዳብ ሽቦ እያሳሰረ ነው የሚሠራው። ለዚህ ነው ብረቱ እንደ ጋቢ የሚተጣጠፈው። በ2015 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው ትልቅ የጥበብ ኤግዚቢሽን ላይ ለዕድሜ ዘመን ሥራው የወርቅ አንበሳ ተሸልሟል። የእኛው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜም ገና ድሮ በክርና በቁልፍ ነው ሸራ የሞላው፣ የኮምፒውተር ቦርዱና የኤሌክትሪክ ሽቦው ከዚያ በኋላ መጣ። አዲስ አበባ መካኒሳ ሄዳችሁ ከኤግዚቢሽን አዘጋጇ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱትን ዞማ ሙዚየም እዩ። በእኛ አቆጣጠር በ2011 ነው የተከፈተው። የኤልያስን የክር ሥራ ስታገኙ ጠጋ ብላችሁ የአንድ ክንድ ስፋት ያለውን ቦታ ብቻ እዩና ስንት ጊዜ መርፌ እንደተወጋ ቁጠሩ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ኮላ ተጠቅሜያለሁ። የቆርቆሮ ቁራጭ ያለበት አንድ ሥራዬ ላይ ክሩ አልያዝ ሲለኝ ለጥፌዋለሁ፣ እስከ ዛሬም አልወደቀም። ስለዚህ ከባድ ነገር ካለ ተጠቀሙ። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ግን አይሆንም።

አንድ ሌላ የማይገባኝ ነገር አዲስ አቡጀዲ ገዝቶ በሻይ ቅጠል እየነከሩ አሮጌ ማስመሰል ነው። አሮጌ ጨርቅ በየቤቱ ሞልቶ! ሰልባጅ ተራ ብትሄዱ ደግሞ የሰው ትከሻ ያነጣው ሸሚዝ ታገኛላችሁ። ያም ሆኖ እናንተ ከእኛ ትሻላላችሁ። እኛ ድህነታችንን ለመደበቅ የወለዱንን እንኳ የምንክድ ነበርን። ያቺ ልጅ ቢያንስ ጠየቀች። እኔ ማንንም አልጠየቅኩም።

አሁን ያንን ድሪቶ እንደገና እየሠራሁት ነው። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ካኪ አለኝ፣ ጥለት አለኝ፣ የዱቄት ከረጢትም ደብረ ብርሃን ከአንዲት ዘመዳችን ቤት ተገኘ። ከኪሱ በስተግራ የነበረችው እራፊ ግን ጠፋችብኝ። አረንጓዴ ትመስለኛለች። እህቴ ቀይ ናት ትላለች። ቦታዋን ክፍት ትቼዋለሁ።

ለዚያች ልጅ ትናንት ደወልኩላት። ሥራሽን ገልብጪውና ገበሩ ላይ እያንዳንዱ ጨርቅ ከማን እንደመጣ ጻፊበት አልኳት። በክር ጥለፊው፣ እስክሪብቶ ሲታጠብ ይለቃል። «ከልብስ ሰፊዎቹ የለቀምኩትን የማን ነው እላለሁ ታዲያ?» አለችኝ። የሰፊዎቹን ስም ጻፊ አልኳት። ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ነው በስም የማውቀው አለች። ቅዳሜ ተመልሳ ሄዳ ልትጠይቃቸው ነው።