ቡናው ይቆይ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የምንኖር ካቶሊክ እናቶችና እህቶች ነን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየተራ አንዳችን ቤት እየተሰበሰብን ወንጌል ማንበብ ጀምረናል። መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። አሁን ግን ከመካከላችን ኮሌጅ የጨረሰችው እህታችን ሰዓቱን ሙሉ ስታስተምር እኛ እናዳምጣለን። ፊደል ያልቆጠሩ ሁለት እናቶች «እኛ እዚያ ምን እንሠራለን?» ብለው መቅረት ጀምረዋል። ባለቤቴ ደግሞ ኦርቶዶክስ ነው፤ «ጴንጤ ልትሆኚ ነው እንዴ?» ይለኛል። ካህን በሌለበት እንዲህ ማንበብ ይፈቀድልናል? መጽሐፍ ቅዱሳችንም የተለያየ ነው፤ አንዷ ባለ 66 መጻሕፍቱን፣ ሌላዋ ባለ 81ዱን ይዛ ትመጣለች። የትኛውን እንያዝ?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ እህቴ፣ ከጥያቄዎችሽ ሁሉ እኔን የከነከነኝ የሁለቱ እናቶች መቅረት ነው። ከእርሱ ልጀምር፤ ባለቤትሽ ትንሽ ይታገሠን።

የምታስተምራችሁ እህት ክፉ ሐሳብ ያላት አይመስለኝም። ዝምታ ሲሆን የሚጨንቀው ሰው በየማኅበሩ አለ። እርሷን ከመገሠጽ የስብሰባውን ሥርዓት መለወጥ ይሻላል። በደቡብ አፍሪካ ሉምኮ የተባለ የካቶሊክ ተቋም ያዘጋጀው «ሰባቱ እርምጃዎች» የሚባል የወንጌል ንባብ ዘዴ አለ። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ትናንሽ ክርስቲያናዊ ማኅበረሰቦች ይሠሩበታል፤ እኛም በቁምስናችን የምንሰበሰበው በእርሱ ነው።

አንዷ በአጭር ጸሎት ጌታን ትጋብዛለች። ሌላዋ ምንባቡን ጮክ ብላ፣ ሳትቸኩል ታነባለች። ከዚያ እያንዳንዷ ልቧን የነካትን ቃል ወይም ሐረግ ብቻ፣ ምንም ሳታብራራ፣ ሦስት ጊዜ ትለዋለች፤ ሁሉም ካሉ በኋላ ምንባቡ እንደገና ይነበባል። ቀጥሎ ጥቂት ደቂቃ ዝምታ ነው። በአምስተኛው እርምጃ ያ ቃል ለምን እንደነካት የፈለገች ትናገራለች። በስድስተኛው በዚህ ሳምንት ምን እንደምትሠሩ ትመካከራላችሁ፤ የታመመ መጠየቅ ሊሆን ይችላል፣ የተጣሉ ጎረቤቶችን ማስታረቅም ይሆናል። በጸሎት ይዘጋል።

ለሦስተኛው እርምጃ ጆሮ እንጂ ፊደል አያስፈልግም። በእኛ ማኅበር ማንበብ የማይችሉ አንዲት እናት አሉ። ከማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት ታሪክ ሲነበብ፣ እኛ የተማርነው ሁላችን «እምነትሽ አድኖሻል» የሚለውን ያዝን። እርሳቸው ግን «ገንዘብዋንም ሁሉ ከስራ» አሉ፤ ሦስት ጊዜ ደገሙት። ለልጃቸው ሕክምና የጆሮ ወርቃቸውን ሳይቀር የሸጡ ሴት ናቸው። ቀጠሉና፣ ሴትየዋ 12 ዓመት ታማለች፣ በዚያው ምዕራፍ ጌታ ከሞት ያስነሣት የኢያኢሮስም ልጅ 12 ዓመቷ ነው፣ «እንግዲያ ያቺ ስትወለድ ነው ይህቺ መታመም የጀመረችው» አሉ። መነጽራችንን አድርገን መጽሐፉን የያዝነው ቀና ብለን ተያየን። እንዲህ ያለውን ነገር ከቤት አስቀርታችሁ ነው የምትሰበሰቡት።

አምስተኛው እርምጃ ላይ ጠንከር በሉ። ተናጋሪዋ «እኔ» ብላ እንጂ «እናንተ» ብላ አትናገር። ሌላዋ ለተናገረችው ምክር መስጠት፣ ማረምም ሆነ ማጽናናት አይፈቀድ። በዚያ ቤት የተነገረ በዚያው ይቅር፤ ይህ አንድ ጊዜ ከፈረሰ እውነቱን የሚናገር አታገኙም። የተማረችው እህታችሁ የዝምታውን ሰዓት ትያዝ። የሚከብዳት እርሱ ነውና ይጠቅማታል። ስለ ቅፍርናሆም ወይም ስለ ምኵራብ አለቆች የምታውቀውን ለመናገር ከጸሎቱ በኋላ ሰዓት አላት። ቡናውም ያን ጊዜ ይፈላል። ረከቦት ተዘርግቶ ዝም የሚል የሴት ስብስብ እኔ እስካሁን አላየሁም።

ስለ ፈቃድ፦ ወንጌል ለማንበብ ፈቃድ አያስፈልግም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ መለኮታዊ መገለጥ ባወጣው ሰነድ፣ በቁጥር 25 ላይ፣ ምእመናን ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስን አዘውትረው እንዲያነቡ አጥብቆ ያሳስባል፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጐመውን የቅዱስ ሄሮኒሞስንም «ቅዱሳት መጻሕፍትን አለማወቅ ክርስቶስን አለማወቅ ነው» የሚል ቃል ይጠቅሳል። ቆሞሳችሁ፣ ማለትም የቁምስናችሁ ካህን፣ ግን ይወቁት። መልስ ያጣችሁለትን ጥያቄ ጽፋችሁ ለእርሳቸው ውሰዱ እንጂ እዚያው በድምፅ ብልጫ አትወስኑ።

ለባለቤትሽም የዚሁ የሄሮኒሞስን ታሪክ ንገሪው። ሄሮኒሞስ እ.ኤ.አ. በ382 ሮም ሲገባ፣ አቬንቲኖ በተባለው ኮረብታ ላይ በማርሴላ ቤት የሚሰበሰቡ ሴቶች አገኘ። ማርሴላ መበለት ነበረች። በጥያቄ ታስጨንቀው እንደነበር እርሱ ራሱ ጽፏል። ከእነርሱ ጋር ትማር የነበረችው ጳውላ መዝሙራቱን በዕብራይስጥ እስከ መዘመር ደርሳለች። እርሱ ከሮም ከሄደ በኋላም ስለ መጽሐፍ የተከራከሩ ሰዎች ወደ ማርሴላ ይሄዱ ነበር። የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴን የጀመረው ሉተር የመጣው ከዚህ ከ1,100 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። ለባለቤትሽ ይበልጥ የሚጥመው ግን ይህ ይመስለኛል፤ ማርሴላ የኖረችው እ.ኤ.አ. በ451 ከተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ በፊት፣ የእኛም የእርሱም ቤተ ክርስቲያን ገና ሳይለያይ ነው። እናቱ በየማለዳው ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ ደግሞ ሴት መጽሐፍ ስትይዝ ያየው ገና ዛሬ አይደለም።

ወደ መጽሐፉ ልምጣ። በወንጌል ጠብ የለም፤ በሁሉም ዘንድ አራቱ ያው ናቸው። ስለዚህ ቅዳሜ የእሑዱን ወንጌል አንብቡ። በአዲስ አበባ የግእዝ ሥርዓት የምትከተሉ ከሆነ ምንባቡን ከግጻዌ፣ የየዕለቱ ምንባብ ከተመደበበት መጽሐፍ፣ አይተው እንዲነግሯችሁ ቆሞሳችሁን ጠይቁ፤ እሑድ በቅዳሴ ስትሰሙት የምታውቁት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ጎልቶ የሚታየው ልዩነት በብሉይ ነው። የእኛ የካቶሊኮች ብሉይ 46 መጻሕፍት ሲሆን፣ በባለ 66ቱ ጦቢት፣ ዮዲት፣ ጥበብ፣ ሲራክ፣ ባሮክና ሁለቱ መቃብያን የሉም። መዝሙር ስትጠሩም ቁጥር ብቻ አትናገሩ፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው በአንዱ 23፣ በግእዙ ዳዊት 22 ነው። መቃብያን ሲመጣ ደግሞ የባሰ አለ። በባለ 81ዱ ያሉት መቃብያን ከእኛዎቹ ጋር የሚጋሩት ስሙን ነው፤ አንዷ ስለ ይሁዳ መቃቢስ ጦርነት ስታነብ ሌላዋ ስለ ንጉሥ ጺሩጻይዳን ታነባለች፣ ሁለቱም ትክክል ነኝ ይላሉ። እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት የእኛን የካቶሊኮችን ባለ 73ቱን መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ቅጂ ለማኅበሩ ግዙ። እናቶቹን ለመጥራት ግን መጽሐፉ እስኪገዛ አትጠብቂ፤ በዚህ ሳምንት ቤታቸው ሂጂ።