ሙሴ የተቀጣው ድንጋይ ስለ መታ ብቻ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለችግረኞች የተሰበሰበ ገንዘብ ለሌላ ነገር እንደዋለ ሰማሁ። ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ጮኽኩ፤ «ሌቦች!» ብዬም ተሳደብኩ። በኋላ «ቁጣ ኃጢአት ነው» አሉኝ። ሙሴስ ተቆጥቶ የለም እንዴ? ደግሞስ ድንጋይ በመምታቱ ብቻ ከተስፋይቱ ምድር መከልከሉ አልበዛም?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለድሃ ተቆርቁረሽ መቆጣትሽን ኃጢአት ነው አልልሽም። ነህምያም የድሆች ልጆች በዕዳ ለባርነት ሲሰጡ ሰምቶ እጅግ ተቆጥቷል (ነህ. 5)። መጀመሪያ ግን በልቡ አሰበበት፤ ከዚያ ታላላቆቹን ፊት ለፊት ገሠጸ።

የሙሴን ሁለት ቁጣዎች እስቲ ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው። በሲና ሕዝቡ ሠርቶ ያመለከውን የወርቅ ጥጃና ዘፈኑን ሲያይ ጽላቶቹን ወርውሮ ሰበረ። በእግዚአብሔር ጣት የተጻፉትን ጽላቶች! እግዚአብሔር ግን «ለምን ሰበርህ?» አላለውም፤ እንደ ፊተኞቹ አድርገህ ሌሎች ጥረብ አለው እንጂ። ሙሴ ገና ከተራራው ሳይወርድ ስለ ሕዝቡ ለምኖ ነበር። በማግስቱም ተመልሶ ወጣና፣ ይቅር ካላልካቸው እኔንም ከመጽሐፍህ ደምስሰኝ አለ (ዘጸ. 32)። ቁጣው ያለው በሁለት ልመና መካከል ነው።

አሁን ሕዝቡ ውኃ አጥቶ ወደተጣላበት ወደ መሪባ ነይ (ዘኍ. 20)። ትእዛዙ ለድንጋዩ ተናገሩ የሚል ነበር። ሙሴ ግን ሕዝቡን ዓመፀኞች ብሎ «ውኃ እናወጣላችኋለን?» አለና ድንጋዩን ሁለት ጊዜ በበትሩ መታ። «እናወጣላችኋለን» የምትለዋን ቃል ልብ በይ። ውኃ የሚያወጣው ማን ሆነና? በዚያ ምዕራፍ እግዚአብሔር ሕዝቡን ተቆጣ የሚል ቃል አላገኘሁም። ለተጠማ ሕዝብ ውኃ ሊሰጥ ነው የፈለገው። ሙሴ ጌታው ያልተቆጣውን ቁጣ በጌታው ስም ተቆጣ። እግዚአብሔርም ሙሴንና ወንድሙን አሮንን ከምድሪቱ ሲከለክል ያለው «በሕዝቡ ፊት አልቀደሳችሁኝም» ነው። ነገሩ የድንጋይ ብቻ አልነበረም።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ውኃው መውጣቱ ነው። ሕዝቡም ከብቱም ጠጣ። ያየ ሁሉ ተሳካለት ይላል። የአማሌቅን ከብት ሁሉ አጥፋ የተባለው ንጉሥ ሳኦልም ትእዛዙን ፈጽሜአለሁ ሲል ምርጦቹ በጎች እዚያው ይጮሁ ነበር። ነቢዩ ሳሙኤል «መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል» ያለው ለዚህ ነው (1ኛ ሳሙ. 15)። ሳሙኤልም እኮ ተቆጥቶ ነበር። ግን ሌሊቱን ሙሉ ወደ እግዚአብሔር ጮኾ፣ ጠዋት ተነሥቶ የተነገረውን ብቻ ለሳኦል ነገረው።

አንቺም ጥያቄሽን አትተዪው። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሺና የገንዘቡ ሂሳብ ይነገረን በይ፤ ዝም ቢሉሽ ድገሚው። «ሌቦች» ስላልሽው ግን አስቀድመሽ ይቅርታ ጠይቂ፤ የሰማሽው ገና አልተጣራም። ከስብሰባው በፊት ባለው ሌሊት ደግሞ እነዚያን ሰዎች አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠራሽ ጸልዪላቸው።