ሰዓት ጠባቂ ለመሆን የግድ ዶክትሬት ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኦፊሴላዊ ሰዓትና የፀሐይና የጨረቃ ሠንጠረዥ በሚያወጣ ብሔራዊ ኦብዘርቫቶሪ ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ። በአስትሮኖሚ ዶክትሬት ከሌለኝ ተስፋ የለኝም? ከአሁኑስ ምን ልማር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዶክትሬት በአብዛኛው የሚጠየቀው ለምርምር ቦታዎች ነው። ሰዓቶቹን ለሚከታተሉና ሠንጠረዡን ለሚያሰሉ ባለሙያዎች ስታቲስቲክስ፣ ፕሮግራሚንግና ኤሌክትሮኒክስ ይበልጥ ያስፈልጋሉ። በቴሌስኮፕ ሰማይ ማየት የዚህ ሥራ ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ችሎታ አንድ ቁጥር በስንት ሊሳሳት እንደሚችል ማወቅና በጽሑፍ ማስረዳት ነው።

ከሰዓቱ እንጀምር። ከ1967 ጀምሮ አንድ ሰከንድ ማለት የሲዚየም 133 አተም ጨረር 9,192,631,770 ጊዜ የሚርገበገብበት ቆይታ ነው። ይሁን እንጂ ማንም ተቋም በአንድ ሰዓት ብቻ አይተማመንም። ሃይድሮጅን ሜዘር (በሃይድሮጅን አተም የሚሠራ ሰዓት) ለሰዓታትና ለቀናት እጅግ የተረጋጋ ነው፤ ጊዜው ሲረዝም ግን ቀስ እያለ ይንሸራተታል። የሲዚየም ሰዓት በአጭር ጊዜ ይዋዥቃል፣ በረጅሙ ግን ይታመናል። ሁለቱን እየመዘኑ አንድ የጋራ ሰዓት ማውጣት የየዕለቱ ሥራ ነው። ለዚህ የአለን ዴቪዬሽንን፣ ማለትም ሰዓት በተለያየ የጊዜ ርዝመት ምን ያህል እንደሚረጋጋ የሚያሳየውን መለኪያ፣ ማስላትና ግራፉን ማንበብ መቻል አለብሽ። የለመድሽው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን እዚህ ያሳስታል፤ ሰዓቱ እየተንሸራተተ ስለሆነ መረጃ በጨመርሽ ቁጥር ያድጋል እንጂ አይረጋም።

ተቋማቱ ልኬታቸውን ፓሪስ አጠገብ ወዳለው ዓለም አቀፍ የሚዛንና የመለኪያ ቢሮ ይልካሉ። ቢሮው በየወሩ «ሰርኩላር ቲ» በሚባለው ሰነድ እያንዳንዱ ተቋም ከዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) በስንት ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) እንደራቀ ይገልጻል። ሰነዱ ለማንም ክፍት ነው፤ አውርደሽ ተለማመጅበት።

ብዙ ጊዜ ችግሩ ከሰዓቱ ይልቅ በዙሪያው ካሉት ነገሮች ይመጣል። የአንቴና ኬብል በሜትር ወደ 5 ናኖሰከንድ ያዘገያል፤ የ30 ሜትር ኬብል ካልታሰበ 150 ናኖሰከንድ ስህተት ገባ ማለት ነው። የጊዜ መለኪያዎችን መቀላቀልም አለ፦ የጂፒኤስ ሰዓት ከዩቲሲ 18 ሰከንድ፣ ዓለም አቀፉ የአተም ሰዓት (ታይ) ደግሞ 37 ሰከንድ ይቀድማሉ። እነዚህ ቁጥሮች የጸኑት ዩቲሲን ከምድር መዞር ጋር ለማስማማት የሚጨመረው ሰከንድ ለመጨረሻ ጊዜ በታኅሣሥ 2016 (በአውሮፓውያን) ማብቂያ ላይ ከገባ ወዲህ ነው።

በሠንጠረዡ በኩል፣ ጀማሪዎች ፀሐይ የምትወጣው መሃሏ አድማስ ላይ ሲደርስ ይመስላቸዋል። ስሌቱ መሃሏን ከአድማስ በታች 50 የቅስት ደቂቃ (አንዱ የዲግሪ 1/60) ላይ ያደርጋል፦ 34ቱ አየሩ ብርሃን ስለሚያጎብጥ፣ 16ቱ ለግማሽ ስፋቷ። ይህን የረሳ በሰዓት ቢያንስ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይስታል። የብርሃኑ መጉበጥ በሙቀትና በአየር ግፊት ስለሚለዋወጥ ውጤቱን እስከ ሰከንድ መጻፍም ተገቢ አይደለም፤ ደቂቃ ይበቃል። ስሌቱ ተራራ የሌለበት አድማስም ይወስዳል። ፍርድ ቤት «በዚያ ሌሊት ጨረቃ ነበረች?» ብሎ ሲጠይቅ ይህን ገደብ ሳታድበሰብሺ መጻፍ ይጠበቅብሻል።

አሁን ልትሠሪው የምትችይው ይህ ነው። በሰከንድ አንድ ምት የሚሰጥ የጂፒኤስ ሞጁል ከትንሽ ኮምፒውተር ጋር አገናኝተሽ ክሮኒ በተባለው ፕሮግራም የኮምፒውተሩን ሰዓት አስተካክይ። መዝገቡን ለአንድ ወር ሰብስቢና የአለን ዴቪዬሽኑን አውጪ። ከዚያ ስካይፊልድ ወይም አስትሮፓይ በተባሉት የፓይተን የአስትሮኖሚ ላይብረሪዎች የአንድ ዓመት የፀሐይ መውጫ አስልተሽ ከታተመ ሠንጠረዥ ጋር አነጻጽሪ፤ የማይገጥመው እያንዳንዱ ቀን ምክንያቱ ይጻፍ። ሁለቱን በአጭር ሪፖርት አድርገሽ ከማመልከቻሽ ጋር አያይዢ። ቀጣሪው ከዲግሪ ውጤትሽ ይልቅ ይህን ረጋ ብሎ ያነባል ብዬ አምናለሁ።

ስታመለክቺ ኦብዘርቫቶሪዎችን ብቻ አትፈልጊ። በብዙ አገሮች ኦፊሴላዊው ሰዓት ወደ መለኪያ ተቋማት ተዛውሯል፤ በእንግሊዝ ኤንፒኤል፣ በጀርመን ፒቲቢ የተባሉት ብሔራዊ የመለኪያ ተቋማት ይዘውታል። በአሜሪካ የመለኪያ ተቋሙ ኤንአይኤስቲና የባሕር ኃይሉ ኦብዘርቫቶሪ ሁለቱም ይሠራሉ፤ የኋለኛው ወታደራዊ ስለሆነ የዜግነት መስፈርቱን ከሁሉ አስቀድመሽ አንብቢ።