ጉደኛ አልተባልሽም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ለንደን ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት እሠራለሁ። ሰሞኑን አለቃዬ የዓመቱን ግምገማዬን ስትጽፍ «ሺ ሜክስ ዚ ኦድ ሚስቴክ» ብላብኛለች። እኔ ኦድ ሲባል የማውቀው እንግዳ ነገር፣ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ምን ጉድ ሠርቼ ይሆን? እንዳልጠይቃት ፈራሁ።
ወ. ከለንደን

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም ጉድ አልሠራሽም። «አልፎ አልፎ ትሳሳታለች» ነው ያለችው፤ የማይሳሳት ማን አለ? ነገሩ ያለው «ዚ» ላይ ነው። «አን ኦድ ሚስቴክ» ብትል እውነትም ግራ የሚያጋባ ስህተት ይሆን ነበር። «ዚ» ስትገባ ግን ወደ «አንዳንዴ» ይዞራል። በተለይ እንግሊዞች ያዘወትሩታል፤ «ዚ ኦድ ቢራ» እጠጣለሁ የሚልሽ ሰው ጠጪ አይደለሁም ማለቱ ነው (ማመን ያንቺ ፋንታ ነው)።

ቃሉ እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው ከጥንት ስካንዲኔቪያውያን ቋንቋ ነው። እዚያ «ኦዲ» ሹል ጫፍ፣ ሦስት ማዕዘንም ነበር። ሁለት ወገን እኩል ሲከፈል ድምፁ የሚለየው ሦስተኛ ሰው የሚጠራውም በዚሁ ቃል ነው። ስለዚህ ዋናው ሐሳብ ጥንድ የሌለው፣ ተርፎ የቀረ ነው፤ «እንግዳ» የሚለው ትርጉም የመጣው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከኛ «ጎዶሎ» ጋር ይቀራረባሉ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት መኪኖች በፈረቃ ሲወጡ ጎዶሎ ታርጋ ያልነው በእንግሊዝኛ ኦድ ነው፤ ከልብስ ማጠቢያው ጓዷን አጥታ የምትወጣው ካልሲም ኦድ ናት። «በጎዶሎ ቀን» ስንል ግን ክፉ ቀን ነው፤ ኦድ እዚያ ድረስ አይሄድም። የቤቲንግ ቤቱ ኦድም የዚሁ ዘር ነው፤ እሱን ለቁማርተኞቹ ልተወው።

ቁጥር ላይ ሲለጠፍ ደግሞ ልክ እንደኛ «ምናምን» ነው፤ ጭረቷን ብቻ እንዳትረሺ። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ለርዕሰ መምህሩ በጻፍኩት ሪፖርት ላይ «ፎርቲ ኦድ ስቱደንትስ» አልኩ፣ ያለ ጭረት። አርባ ምናምን ተማሪ ማለቴ ነበር። ሰውየው ወረቀቱን ይዘው ክፍሌ ድረስ መጡ፤ ልጆቹን ከፊት እስከ ኋላ ተራ በተራ ካዩ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሁሉም ደህና ናቸው እኮ» አሉኝ።

አንቺ ግምገማሽን ፈርመሽ መልሺላት።