ስለ ፀሐይና ኦዞን መምህሩን ጠይቁ

መምህሩ፦ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አለሁ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ የኦዞን (ከፍ ብሎ ያለ፣ የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚውጥ ጋዝ) መሳሳት ሌላ፣ የምድር መሞቅ ሌላ። አታደባልቁብኝ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ የፀሐይ ጉልበት ከፍ ዝቅ ሲል ኦዞንን ምን ያደርገዋል?

መምህሩ፦ ተባረክ፣ ይህን ነበር የምጠብቀው። ፀሐይ በምትበረታበትና በምትደክምበት የ11 ዓመት ዑደት የፀሐይ አጠቃላይ ጉልበት የሚለዋወጠው በ0.1 በመቶ ገደማ ነው። ይህን አይተው «ኢምንት ነው» ብለው የሚያልፉ ሰዎች ያናድዱኛል! አልትራቫዮሌቱ (ዓይን የማያየው ቆዳ የሚያቃጥል ጨረር)፣ በተለይ የሞገዱ ርዝመት 200 ናኖሜትር አካባቢ የሆነው፣ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ይዋዥቃል። ከ242 ናኖሜትር ያጠረው ጨረር ኦክስጅንን ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ የተነጠለው አቶም ከሌላ ኦክስጅን ጋር ሲጣመር ኦዞን ይሆናል። ስለዚህ ፀሐይ ስትበረታ በላይኛው ስትራቶስፌር (ኦዞን የሚበዛበት ከፍ ያለ የአየር ንብርብር) ኦዞን በጥቂት በመቶ ይጨምራል። ኦዞኑም ጨረሩን እየዋጠ ስለሚሞቅ፣ 50 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ የአንድ ዲግሪ ያህል ልዩነት ይመጣል። በፈረንጆቹ የብርድ ወራት የሰሜኑ ዋልታ ጨለማ ውስጥ ነው፤ የምድር ወገብ አካባቢ ግን ይሞቃል። የሁለቱ የሙቀት ልዩነት ሲሰፋ የላይኛው ነፋስ ይጠነክራል፤ ተጽዕኖውም ወደ ታች ወርዶ የአውሮፓን ብርድ ሊያለዝበው ይችላል።

ከመሐል ሜዳ፦ እንዲያ ከሆነ የዓለም ሙቀትም የፀሐይ ሥራ ነዋ?

መምህሩ፦ አይደለም። ከፈረንጆቹ 1980ዎቹ ወዲህ ፀሐይ አልበረታችም፤ ምድር ግን ሞቃለች። ፀሐይ ብትሆን ስትራቶስፌሩም በሞቀ ነበር፤ እሱ ግን ቀዝቅዟል። ይህ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አሻራ ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ ገብሱን ውርጭ የሚመታው ኦዞን ስለተሸነቆረ ነው ይላሉ።

መምህሩ፦ ማን ነው የሚለው?

ከመሐል ሜዳ፦ ሮቢት ሙቀት ላይ ተቀምጦ ስለ መንዝ ውርጭ! ወንድሜ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት መሬት ሙቀቷን ትለቃለች፤ በቃ።

ከሸዋ ሮቢት፦ አያቴ ጓሳ ነው የኖሩት፤ ብርድ አታስተምረኝ።

መምህሩ፦ የመሐል ሜዳው ልክ ነው። አያትን ለቡና አቆዩ።

ከደብረ ብርሃን፦ እዚህ ብርድ ነው፣ ፀሐዩ ግን ፊቴን ይልጠኛል። ለምን?

መምህሩ፦ ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በወገብ አቅራቢያ ደግሞ ኦዞን በተፈጥሮው ስስ ነው፤ ማንም አልሸነቆረውም። ብርዱ አያታልህ፤ ኮፍያ አድርግ።

ከደብረ ሲና፦ የትኛው ክሬም ይሻላል?

መምህሩ፦ ፋርማሲ ጠይቂ።

ከአንኮበር፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ገባሁ። ምድር የምትሞቀው ኦዞን ስለተቀደደ ነው አይደል?

መምህሩ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ከአንኮበር፦ ቀዳዳው ግን አለ አይደል?

መምህሩ፦ አለ፤ አንታርክቲካ ላይ፣ በፈረንጆቹ 1985 ይፋ የሆነው። ያመጣው ከማቀዝቀዣና ከመርጫ ጣሳ የወጣ ክሎሪን ያለበት ጋዝ ነው፤ ለዚህም እነዚህን ጋዞች የሚገድበው የሞንትሪያል ስምምነት በ1987 ተፈረመ። የፀሐይ ጉልበት ከፍ ዝቅ ማለት አላመጣውም። ሦስት ሰዓት ሆነ።