ታዋቂ ሰው መጠለያ ጣቢያ ሲመጣ፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ባለፈው ሳምንት «ምስራቅ ሐረርጌና ጅጅጋ መንገድ ላይ ባሉ መጠለያ ጣቢያዎች በአስተርጓሚነትና በመዝጋቢነት ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ዝነኞች በጦርነት ለተጎዱ ህፃናት ስለሚሠሩት ሥራ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። አንድ አስር ሰው ይጠይቅ ይሆናል ስል ስልኬ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌአለሁ። እ.ኤ.አ. ካላልኩ ዓመቱ በኛ አቆጣጠር ነው። ከተማው ያልተጠራ ሰፈር ድሬዳዋ ነው። ደግሞ «እርስዎ» እያላችሁ የጻፋችሁልኝ፣ ከአዲስ አበባ እንደመጣችሁ ያስታውቃል። ድሬ ላይ አንቱታ የለም። አንተ በሉኝ።

ከከዚራ፦ አቦ፣ እውነቱን ንገረን። ፎቶ ከመነሳት ሌላ ምን ይሠራሉ? ስንትስ ይከፈላቸዋል?

ደሞዝ የላቸውም። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. 1954 ዩኒሴፍ ዳኒ ኬይ የሚባለውን አሜሪካዊ ኮሜዲያን አምባሳደሩ አድርጎ ሲሾም ነው። ዋናው ሥራቸው ካሜራ ማስከተል ነው። ካሜራው ካልመጣ ገንዘቡ አይመጣም፣ ይኸው ነው። ሁለተኛው በር ማንኳኳት ነው። እኔ ሚኒስትር ቢሮ ብሄድ ጥበቃው ይመልሰኛል። ዴቪድ ቤካም ቢሄድ ሚኒስትሩ ራሱ ወርዶ ይቀበለዋል፤ ያውም ልጆቹን ይዞ።

ከልባቸው የሠሩ አሉ። ተዋናይቷ ኦድሪ ሄፕበርን በመጋቢት 1980 መቀሌ መጥታ ወደ 500 ልጆች ያሉበት ማሳደጊያ ገብታ ነበር። ያኔ ጦርነቱም ድርቁም አንድ ላይ ነበሩ። እሷ ራሷ ልጅ ሆና ሆላንድ ውስጥ በናዚ ዘመን ረሃብ ያየች ናት፤ ጦርነቱ ሲያልቅ እርዳታ ከደረሳቸው ልጆች አንዷ ነበረች። ሱዳንም ሄዳለች። ሶማሊያ የሄደችው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1992 ነው። በአራት ወሩ በካንሰር ሞተች።

ከሐረር፣ ሸዋ በር፦ አባቴ «ካርል እኮ አክተር ነበር» ይላል። እውነቱን ነው?

አባትህ ልክ ነው። የሚገርመው የእኛ አገር ልጆች ይህን አለማወቃቸው ነው። «ሰዎች ለሰዎች»ን የመሠረተው ካርልሃይንዝ ቦም ኦስትሪያዊ የፊልም ተዋናይ ነበር። በወጣትነቱ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ በሠራቸው ፊልሞች ጀርመንኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ግንቦት 8 ቀን 1973 አንድ የቴሌቪዥን ውርርድ ፕሮግራም ላይ ቀረበና ተወራረደ። «ከተመልካቹ ከሦስት አንዱ እንኳ ከሰሃራ በረሃ በታች ላሉ የሳህል አገሮች ረሃብተኞች 1 የጀርመን ማርክ፣ 1 የስዊስ ፍራንክ ወይም 7 የኦስትሪያ ሽልንግ አይሰጥም» አለ። ውርርዱን አሸነፈ። ከሦስት አንዱ አልሰጠም። ያም ሆኖ ከ1 ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። ሌላ ሰው ቢሆን ቼኩን ለአንድ ድርጅት ሰጥቶ ወደ ፊልሙ ይመለስ ነበር። እሱ ከጥቂት ወራት በኋላ በአውሮፕላን ተሳፍሮ መጣ።

የመጣው ደግሞ እኛው ሰፈር ነው። የ1969 እና 1970 የሶማሊያ ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች ባቢሌ መጠለያ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ያ ጦርነት ድሬዳዋ ደጃፍ ድረስ እንደደረሰ የትልልቆቹ ትዝታ ነው። ካርል ስንዴ አድሎ አልተመለሰም። ወደ 1,500 የሚሆኑትን ይዞ ኤረር ሸለቆ ላይ መንደር ማቋቋም ጀመረ። «ሰዎች ለሰዎች» የሚባለው ድርጅት የተመሠረተው በኅዳር 1974 ነው። ሐረር ያለውን የግብርናና ቴክኖሎጂ ኮሌጅ ያቋቋመው ይኸው ድርጅት ነው። ከዚያ ተመርቆ ድሬ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ጎረቤት አለኝ፤ ካርል ተዋናይ እንደነበር ስነግረው ሳቀብኝ።

ተዋናይነቱን ወደ ጎን ትቶ ሰላሳ ዓመት ያህል በዚሁ ሥራ ኖረ። የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ተሰጠው፤ ግንቦት 2006 አረፈ። እኔ ዝነኛ የምለካው በሱ ነው። ለሌሎቹ ትንሽ ይከብዳቸዋል፣ አውቃለሁ።

ከመጋላ፦ አንተ በዓይንህ ያየኸውን አንድ ንገረን።

2011 ላይ ነው። ከባቢሌ አልፎ በጅጅጋ መንገድ ያለ መጠለያ። ከውጭ አንዲት ተዋናይ ትመጣለች ተባለ። ስሟንም ያመጣትን ድርጅትም ተዉት። ልጆቹን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ አሰለፏቸው። ፊታቸው ታጥቧል፤ ውሃ በጄሪካን በሚቆጠርበት ቦታ። ሴትየዋ የደረሰችው 6 ሰዓት ከሩብ ነው። የዚያን አገር ፀሐይ ታውቁታላችሁ።

ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ልጅ ታናሽ ወንድሟን በሻሽ አዝላ ቆማለች። ተዋናይቷ በርከክ ብላ እጇን ያዘቻት። ልጅቷ በሶማሊኛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ነገም ትመጫለሽ?» አስተርጓሚው እኔ ነኝ። በማግስቱ ጠዋት በረራ እንዳላት አውቃለሁ። ካሜራው ይቀርጻል። «ስለመጣሽ ደስ ብሎኛል ነው የምትለው» ብዬ ተረጎምኩ። የተዋናይቷ ዓይን እንባ ሞላ። ያቺው ዓረፍተ ነገር ቪዲዮው ላይ ከሥር ተጽፋ ወጣች። እስከዛሬ ሳያት አፍራለሁ።

በሴትየዋ አትፍረዱባት። ከሦስት ወር በኋላ በዚያ ቪዲዮ በተሰበሰበው ገንዘብ የትምህርት ድንኳንና ሁለት ትልልቅ ሮቶ መጣ። ድንኳኑ ሠራ። ሮቶዎቹ ግን አብዛኛውን ቀን ባዷቸውን ይቆሙ ነበር። ለሮቶ በጀት ተይዟል፤ ውሃ ለሚያመላልሰው ቦቴ አልተያዘም። ቦቴ ደግሞ ፎቶ ላይ አያምርም።

ከገንደ ቆሬ፦ ድሮግባ ጦርነት አቆመ የሚባለውስ?

ይህን የጠየቃችሁኝ ስምንት ናችሁ፤ ሁላችሁም የቼልሲ ደጋፊ መሆን አለባችሁ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2005 በእርስ በርስ ጦርነት ለሁለት የተከፈለችው አገሩ አይቮሪኮስት ኦምዱርማን ላይ ሱዳንን 3 ለ 1 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። ድሮግባ መልበሻ ክፍል ውስጥ ማይክ ይዞ ከቡድኑ ጋር ተንበርክኮ «መሣሪያችሁን አስቀምጡ» ብሎ ለመነ። እ.ኤ.አ. 2007 ደግሞ ከማዳጋስካር ጋር ያደረጉት ጨዋታ የአማጺዎቹ ከተማ ቡዋኬ እንዲሆን አደረገ። 5 ለ 0 አሸነፉ። ትልቅ ነገር ነው። ግን የሰላም ስምምነቱ የተፈረመው ከጨዋታው በፊት ዋጋዱጉ ላይ ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ከምርጫ በኋላ እንደገና ተዋጉ። ኳስ በር ይከፍታል እንጂ ቤቱን አይጠርግም።

ከሐረር፣ አራተኛ፦ የላይቭ ኤይድ ብር መሣሪያ ተገዛበት ይባላል።

ላይቭ ኤይድ፣ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ገንዘብ የተሰበሰበበት ኮንሰርት፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ነበር። እ.ኤ.አ. 2010 ቢቢሲ የእርዳታ ገንዘብ ለአማጺዎች መሣሪያ ዋለ የሚል ዘገባ ሠራ። ከኮንሰርቱ ጀርባ ያለውን የባንድ ኤይድን ገንዘብ የሚመለከት አስመስሎ በማቅረቡ በዚያው ዓመት ይቅርታ ጠየቀ። ይህ አንድ ነገር ነው። ሌላው ደግሞ፣ ደርግ ሕዝቡን በግድ እያሰፈረ እርዳታውን ለዚያ መጠቀሙን በአደባባይ ያወገዘው የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን እ.ኤ.አ. 1985 መጨረሻ ላይ ከአገር ተባሯል። ዘፋኝ ዘፍኖ ስንዴ ያመጣል። ስንዴው በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚወስነው ኬላው ላይ የቆመው ባለጠመንጃ ነው።

ከሳቢያን፦ እንደ አንጀሊና ጆሊ ልጆቹን ወስደው ቢያሳድጉስ?

ጆሊ ዘሃራን ከኢትዮጵያ የወሰደችው እ.ኤ.አ. 2005 ነው። ከ2010 ወዲህ የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ተከልክሏል። በጦርነት ጊዜ ደግሞ ብቻውን የተገኘ ልጅ ሁሉ ወላጅ የለውም ማለት አይደለም። አያት አለው፣ አክስት አለው፣ ሌላ መጠለያ ውስጥ እናቱ ልትኖር ትችላለች። መጀመሪያ ዘመድ ይፈለጋል። ቀይ መስቀል ይህን ይሠራል። በቃ።

ከነምበር ዋን፦ ቲክቶክ ላይ 40 ሺህ ተከታይ አለኝ። ቆሎጂ መጠለያ ጣቢያ ሄጄ ልጆቹን ብቀርጽና ልብስ ባሰባስብስ?

ልብሱን ተወው። ሰልባጅ በኩንታል የተቆለለበት መጋዘን አይቻለሁ፤ የክረምት ጃኬት፣ ባቢሌ! ከመሄድህ በፊት የጣቢያውን አስተባባሪ ምን እንደጎደለ ጠይቀው። ብዙ ጊዜ ሳሙና፣ ደብተር፣ ለሴት ልጆች ሞዴስ ይልሃል።

ቀረጻው ላይ ጠንከር እላለሁ። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሳይፈቅድ አትቅረጽ። የተደፈረች ልጅ ወይም መሣሪያ አንግቶ የነበረ ልጅ ከሆነ ፊቱም ስሙም አይወጣም፤ ዩኒሴፍ ለጋዜጠኛም ያወጣው ደንብ ነው። የመንደሩንም ስም አትጥራ። ዛሬ ያለቀሰች ልጅ ነገ አድጋ ቪዲዮውን ታየዋለች።

ገንዘብ ማሰባሰብ ከፈለግክ በሚገባ ነገር ቁጠርላቸው። በረሃብ ክፉኛ ለተጎዳ ህፃን የሚሰጠው «ፕላምፒ ናት» የሚባል የለውዝ ምግብ አንዱ ፓኬት 92 ግራም ነው፣ 500 ካሎሪ አለው። አንድ ልጅ እስኪያገግም አንድ ካርቶን፣ 150 ፍሬ ገደማ ይፈጃል። «አንድ ካርቶን፣ አንድ ልጅ» ስትል ሰው ይገባዋል። እደላው ግን የጤና ባለሙያ ሥራ ነው። አንተ ቀድደህ እንዳታጎርስ።

ከአሸዋ፦ የኛ አርቲስቶች ልንመጣ ነው ቢሉህ ምን ትላቸዋለህ?

ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ልጆቹን ፀሐይ ላይ አታቁሙ። የምትጠጡትን ውሃ ይዛችሁ ኑ። ፊታችሁ ያለበትን ቲሸርት ቤት ተዉት። አንድ ኳስ ለሁለት መቶ ልጅ አታምጡ፣ የተከሰተውን ድብድብ እኔ ነኝ የገላገልኩት። አስተርጓሚያችሁን ደግሞ «ያለችውን እንዳለ ንገረኝ» በሉት።