ጥሩር የለበሰ ሰው ለምትስሉ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ሠዓሊ ሱሉልታ ድረስ መጥታ «ጋሼ፣ የብረቱን ቀለም ከምን ከምን ልደባልቀው?» አለችኝ። ጥሩርና ራስ ቁር ያጠለቀ ጦረኛ በዘይት ቀለም ጀምራለች። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰብኝ።

በወጣትነቴ ለአንድ ቲያትር የአፄ ገላውዴዎስን ዘመን ጦረኛ እንድስል ታዘዝኩ። ጥሩሩን መርካቶ ምናለሽ ተራ ከበርሜል ቆርቆሮ አስቀጠቀጥኩ። የሚለብሰው የጎረቤት ዘበኛ የነበሩ አባት ናቸው። ጋቢያቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙልኝ። የሱሉልታ ብርድ አጥንት ይገባል፤ ቆርቆሮው ደግሞ በረዶ ነው። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

ግራጫ ደባልቄ ቀና ስል ደረታቸው ላይ ግራጫ የሚባል ነገር የለም። ከላይ ሰማዩ አለ፤ ወደ ሆዳቸው የግቢው ቡኒ አፈር፤ በጎን በኩል ባሕር ዛፉ ተጣሞ ይታያል። ከአገጫቸው ሥር የፊታቸው ጠይምነት ከነጢማቸው ሽበት ብረቱ ላይ ወርዷል። ብረቱም በተራው አገጫቸውን ከሥር በቀዝቃዛ ብርሃን ነክቶታል። ስለዚህ ፊትን ጨርሶ ወደ ብረት መሄድ የለም። አንድ ላይ ነው የሚሠሩት።

«አለቀ ወይ?» ይሉኝ ነበር። ያኔ ሳያልቅ ማሳየት ነውር ይመስለን ነበር። ክረምት ስለሆነ ቀለሙም አልደርቅ አለ። እንዲሁ እንዳለ አገራቸው ጎጃም ገቡ፤ ሳያዩት ቀሩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዛሬ ልጆች እጃችሁ ከእኛ ይፈጥናል። ግን ስልክ ታምናላችሁ። ፎቶው የብረቱን ጥላ ድፍን ጥቁር፣ ብልጭታውን ድፍን ነጭ ያደርገዋል፤ መሃል ያለው ሁሉ ይጠፋል። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቲሺያን እንደ ፈረንጆቹ በ1548 የሳለው የቻርልስ አምስተኛ ሥዕል ማድሪድ፣ ፕራዶ ሙዚየም አለ። ንጉሡ የለበሰው ጥሩርም እዚያው ከተማ ተቀምጧል። የሁለቱን ምስል አስተያዩ።

የታችኛውን ንብር በተርፔንታይን አቅጥኑት፤ ወደ ላይ ሲወጣ የተልባ ዘይቱ ይጨምር፣ አለዚያ ይሰነጠቃል። ንጹሕ ነጩን ለመጨረሻዋ ብልጭታ አቆዩት። የጥቁር ቀለም ቱቦ አትክፈቱ፤ ሰማያዊው አልትራማሪንና ጥቁር ቡኒው በርንት አምበር ሲደባለቁ ይበቃል። ለራስ ቁሩ ውስጥ ግን እኔም ጥቁር እጨምራለሁ።

ጥሩር ካጣችሁ የተወለወለ ትሪ ሰው ደረት ላይ አስደግፋችሁ ተለማመዱ። ለሚቆምላችሁ ሰው ወፍራም ሹራብ ከሥር አልብሱት። ሥዕሉንም እርጥብ ቢሆን እንኳ አሳዩት።